እጇን የደበቀችው አዋላጅ

አንዲት አዋላጅ ነበረች፤ የምታየውን ለሰው ታሳያለች፣ የምታይበትን እጅ ግን ትደብቃለች።

መምህር ክንፈ እንዲህ ብለው የጀመሩት፣ ሶስና የምትባል የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ከጉባኤው መካከል ተነሥታ፣ «መምህር፣ ጥፋቴን እግዚአብሔር ካየው፣ እኔም በልቤ ካረምኩት፣ ለንስሐ አባቴ መናገር ለምን ያስፈልገኛል?» ብላ ስለ ጠየቀቻቸው ነው። ስትጠይቅ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። መምህሩም ነገሩ ለክርክር የተነሣ እንዳልሆነ ገብቷቸው ይህን ነገሯት።

አዋላጇ ከከተማ በራቀ ጤና ጣቢያ ታገለግል ነበር። የአካባቢው ሴቶች እጇ የተባረከ ነው ይሉላታል። ከዕለታት አንድ ቀን ለጤና ጣቢያው አልትራሳውንድ መጣለት፤ በእናት ማህፀን ውስጥ ያለውን ሕፃን በስክሪን ላይ የሚያሳየው መሣሪያ። መሣሪያው መጣ እንጂ አጠቃቀሙን የሚያስተምር ሰው አብሮት አልመጣም። አስተማሪዋ በትልቁ ከተማ የምትኖር የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነበረች። በየሳምንቱ በኢንተርኔት እየገባች በየገጠሩ ያሉትን አዋላጆች በአንድነት ታስተምራለች። እነሱ ፈቃደኛ በሆኑ እናቶች ላይ እየሠሩ በስልካቸው ያሳይዋታል፤ እሷም ከሩቅ ሆና ታርማቸዋለች። አንድ ሕግ ነበራት፤ «መጀመሪያ እጃችሁን፣ ቀጥሎ ስክሪኑን አሳዩኝ» ትላለች።

በመጀመሪያው ቀን አዋላጇ እንደ ታዘዘችው እጇን አሳየች። ሆድ ላይ የሚንሸራተተውን የመሣሪያውን ጫፍ፣ እነሱ ፕሮብ የሚሉትን፣ ባላት ኃይል ሁሉ ጨብጣው ነበር። ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ «ሲስተር፣ ሸሚዝ እየተኮስሽ ነው እንዴ?» አለ።

ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ «ኮሌታውን እንዳትረሺ!» አለች።

ሁሉም ሳቁ። ሐኪሟም ፈገግ ብላ፣ «ቀለል አድርጊው» አለቻት። አዋላጇ ግን የሰማችው ሳቁን ብቻ ነው። እርማቱ በሳቁ ሥር ተሸፍኖ አለፋት።

ከዚያ ወዲህ እጇን ማንም አላየባትም። ሐኪሟ «እጅሽስ?» ስትላት፣ «ኔትወርኩ ይቆራረጥብኛል ዶክተር፤ ስክሪኑን ብቻ ላሳይ» ትላለች። ኔትወርክ ደግሞ ለገጠር ሰው ማንም የማይከራከረው ሰበብ ነው። የምታሳየው ሥዕልም ግሩም ነበር። የሕፃኑ አከርካሪ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ አንድ በአንድ ተለይቶ ይታያል። ሐኪሟ ሌሎቹን፣ «ከእሷ ተማሩ» እስከ ማለት ደረሰች። አዋላጇም በልቧ፣ «እነሆ ታረምኩ፤ ማንም ሳያየኝ ታረምኩ» አለች።

አንድ ቀን ስምንተኛ ወሯን የጀመረች እናት መጣች። ከዚህ በፊት የወለደችው ልጅ ቀኑን ሳይሞላ ተወልዶ ሳይሰነብት ሞቶባታል። ስለዚህ አልጋው ላይ ስትወጣ ገና ምንም ሳትጠየቅ፣ «ሲስተር፣ ይሄኛው ይቆይልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግ» አለች።

አዋላጇ ማንሸራተቻውን ጄል ቀብታ ፕሮቡን ሆዷ ላይ አሳረፈች። ትምህርቱ በቀጥታ የሚተላለፍበት ሰዓት ነበርና ሐኪሟና ሠልጣኞቹ ሁሉ ያያሉ። ሥዕሉ እንደ ወትሮው የጠራ ነው። ልቡ ይመታል፤ እጆቹ ይወራጫሉ። ውሃው ግን አልተገኘም። ሕፃኑ የሚንሳፈፍበት የእንሽርት ውሃ በስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ መታየት ሲገባው፣ ቀጭን ጭረት ብቻ ሆነ።

ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ውሃው በጣም አንሷል። እንዲህ ከሆነ ወደ ሆስፒታል መላክ አለባት፤ ምጡን በመድኃኒት ማስጀመር ያስፈልግ ይሆናል» አለች።

እናቲቱ «መድኃኒት» የሚለውን ሰማች። የተኛችበትን አንሶላ ጨበጠች። «ምን አለች? ገና ነው እኮ! ሲስተር፣ ገና ነው በያት!»

አዋላጇ የእናቲቱን ካርድ አነሣች። ቀደም ሲል ሆዷን በሜትር ለክታ ነበር፤ ልኩ ከወሯ ጋር የሚስማማ ነው። ሕፃኑም ከጠዋት ጀምሮ ሲገላበጥ እንደ ዋለ እናቲቱ ነግራታለች። ይህን ሁሉ ለሐኪሟ ነገረቻት።

ሐኪሟ አሰበች። «ሜትሩና ሥዕሉ አልተስማሙም። እጅሽን አሳዪኝ» አለች።

አዋላጇ የለመደችው ቃል ከንፈሯ ላይ ደረሰ። «ኔትወርኩ…» ብላ ጀመረች። በስልኩ ላይ የሠልጣኞቹ ፊት ተደርድሮ ይታያታል፤ ያ «ሸሚዝ እየተኮስሽ ነው» ያላት ሰውም አለ፤ «ከእሷ ተማሩ» የተባሉትም ሁሉ አሉ። ወዲህ ደግሞ እናቲቱ ዓይን ዓይኗን እያየቻት ነው፤ ፊቷ ላይ ሁለተኛ ሐዘን ለመቀበል የሚሆን ቦታ አልቀረም። አዋላጇ ፊቷ በእፍረት ነደደ። ከዚያ ስልኩን ከስክሪኑ ወደ እጇ አዞረችው።

ሐኪሟ ወዲያው፣ «ጥፍሮችሽ ነጥተዋል» አለች። «ደም እስኪሸሻቸው ድረስ ተጭነሻል። ስትጫኚ ሥዕሉ ይጠራል፤ ውሃው ግን ከእጅሽ ሥር ይሸሻል። ፍቺው እህቴ። ፕሮቡ ሆዷን ነክቶ ይረፍ እንጂ አይግፋው።»

አዋላጇ እጇን አላላች። ጥፍሮቿ ቀስ በቀስ ቀሉ። በስክሪኑም ላይ ያ ቀጭን ጭረት ይሰፋ ጀመር፤ እየሰፋ ሄዶ ጥቁር ኩሬ ሆነ፤ የሕፃኑ እግር በመካከሉ ተዘረጋ። ውሃውን ለኩት፤ ሙሉ ነበር።

«ይቆያል» አለች አዋላጇ፤ «የትም አትሄጂም፤ ይቆያል።» እናቲቱ በክንዷ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

ማንም አልሳቀም። ያ በሸሚዝ የቀለደባት ሰውም፣ «ሲስተር፣ እኔም አሁን ጥፍሬን እያየሁ ነው» አለ።

ነገሩ ግን በዚህ አልተፈጸመም። በዚያ እጅ የታዩ ሌሎች እናቶች ነበሩ። «ውሃሽ አንሷል» ተብለው የተላኩ፣ ቀናቸው ሳይደርስ የወለዱም ነበሩባቸው። አዋላጇ በመሣሪያው ውስጥ የተቀመጡትን ሥዕሎች አንድ በአንድ ከፈተቻቸው፤ በየትኛው ቀን ተጭና በየትኛው ቀን እንዳልተጫነች ልትለይ ፈልጋ ነበር። ሥዕሎቹ ሁሉም ያምራሉ፤ አንዱም አልነገራትም። ስለዚህ ገና ያልወለዱትን እየጠራች እንደ ገና አየቻቸው፤ የወለዱትንም በየቤታቸው እየሄደች የሆነውን ነገረቻቸው። አንዳንዷ ይቅር አለቻት፤ አንዳንዷ በሩን ዘጋችባት። ተዘግቶባትም ሥራዋን አልተወችም።

እዚህ ላይ መምህር ክንፈ ወደ ሶስና ዞሩ።

«ልጄ፣ 'በልቤ አርሜዋለሁ' አልሽኝ። ያቺም እንዲሁ ብላ ነበር። ሰው ብቻውን ሲታረም የሚያየው ሥዕሉን ነው፤ ሥዕሉ ደግሞ የጠራው ሌላውን ተጭኖ ይሁን ሳይጫን አይናገርም። 'እግዚአብሔር ያየኛል' አልሽኝ፤ እውነት ነው። ያንን የነጣ ጥፍር ሐኪሟ ከማየቷ በፊት እግዚአብሔር ያየው ነበር። እናቲቱ ግን የተረፈችው አዋላጇ ስልኩን ስታዞር ነው። የንስሐ አባት የተሰጠሽ ለእግዚአብሔር ወሬ እንዲያደርስለት አይደለም። የራስሽ ዓይን የማይደርስበትን እጅሽን የሚያይልሽ ሰው እንዲኖር ነው፤ ከእጅሽ ሥር ያለውም ሰው እንዲተርፍ። ያሳፍራል፤ አያሳፍርም አልልሽም። እሷም አፍራ ነው ያዞረችው።»

ሶስና አንገቷን ደፋች። መምህሩ ድምፃቸውን ለእሷ ብቻ በሚሰማ መጠን ዝቅ አደረጉ።

«እጅሽ በማን ላይ እንደ ከበደ እኔ አልጠይቅሽም። የሚጠይቅሽ አባት አለሽ፤ ቅጽሩ ሳይዘጋ ሂጂ።»