ያልተሸነፈው ቡድንና የተበሉት ኳሶች

አንድ ጊዜ፣ አራዊት እርስ በርስ መበላላቱን ለጥቂት ዓመታት አቁመው ትምህርት በያዙበት ዘመን፣ አምስት ኮሌጆች ተከፈቱ። ከአምስቱ አንዱ የዋርካ ሥር ኮሌጅ ይባል ነበር። ግንብ የለው፣ ቆርቆሮ የለው፤ አንድ ትልቅ ዋርካ፣ ከሥሩ ለመቀመጫ የተደረደረ ድንጋይ፣ በቃ ኮሌጁ ይኸው ነው። ይህስ ይሁን። የባሰው ነገር ውሃ የለውም።

ውሃውን የምታመጣው አህያ ነበረች፤ እመት አህዪት ይሏታል። ንጋት ላይ አራት ቢጫ ጄሪካን ጭነውባት ሁለት ዳገት አቋርጣ ወንዝ ትወርዳለች። ተመልሳ፣ ሳታርፍ ክፍል ትገባለች። ከሰዓት ደግሞ ያንኑ መንገድ እንደገና። ጀርባዋ ተልጦ ዝንብ ይመላለስበታል። ጠጪዎቹ ግን፣ «ዛሬ ውሃው ሞቅ ብሏል እኮ እመት አህዪት» ይሏታል እንጂ፣ አንድ ቀን «ደከመሽ ወይ?» ያላት የለም።

እንዲህ ባለበት ዓመት የኮሌጆቹ ሁሉ የበላይ ጋሼ አንበሳ አንድ አዋጅ አወጡ።

«የእግር ኳስ ውድድር ይደረጋል። እያንዳንዱ ኮሌጅ ስምንት ጨዋታ ይጫወታል። አንደኛ የወጣው ኮሌጅ የምንጩን መስክ ይረከባል፤ ሙሉ ዓመት እዚያው ይማራል!»

የምንጩ መስክ! ሣሩ የለመለመ፣ ውሃው ከድንጋይ ሥር ራሱ እየፈለቀ የሚወርድ። እመት አህዪት ጆሮዋ ቀጥ አለ። እዚያ ከገቡ ጄሪካን የለም፣ ዳገት የለም።

«በረኛ እኔ ነኝ!» አለች። ማንም አልጠየቃትም ነበር።

ደንቡ አጭር ነው። ላሸነፈ ሦስት ነጥብ፣ ለአቻ አንድ፣ ለተሸነፈ ምንም። ለአንድ ጨዋታ አንድ ኳስ ብቻ ይቀርባል፤ ምክንያቱም ኳሱን ከቆዳ የምትሰፋው ጃርት ናት፣ እሷም በራሷ እሾህ ስለምትሰፋ ከዚያ በላይ አይደርስላትም። ሜዳው ዳር ደግሞ ቁጥቋጦ ሞልቷል። ስለዚህ ጋሼ አንበሳ አንድ ነገር ጨመሩ፦ «ኳሱ ከጥቅም ውጭ ከሆነ ጨዋታው እዚያው ላይ ያበቃል፤ ውጤቱም አቻ ይሆናል።» ለእሾህ ብለው ነው እንግዲህ። ሌላ ነገር ይመጣል ብለው እንዴት ያስቡ?

የዋርካ ሥር አሰልጣኝ ቀበሮ ነበር። በዕድሜው ኳስ ነክቶ አያውቅም፤ አፍ ግን አለው። አጥቂው አያ ጅቦ። ሲሮጥ ማንም አይደርስበትም፣ ሲያስብ ደግሞ ሁሉም ይቀድመዋል።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ጉማሬዎቹን አንድ ለዜሮ አሸነፉ። ደህና። ሁለተኛው ከከርከሮዎቹ ጋር ነበር፤ እዚያ አንድ ለዜሮ እየተመሩ ጨዋታው ሊያልቅ ተቃረበ። ያን ጊዜ ኳሱ ተንከባሎ አያ ጅቦ እግር ሥር ቆመ። ጅቡ ጎንበስ አለ፤ አሸተተ። አዲስ ቆዳ! ጠዋት ደግሞ ምንም አልቀመሰም።

«አቀብል!» አለ ከክንፍ በኩል ድኩላ።

አያ ጅቦ አላቀበለም። ቋ! ቋ! ቋ! ሦስቴ አኘከና ዋጠው።

ከርከሮዎቹ ጋሼ አንበሳን ከበቡ። «ጋሼ! በላው እኮ! እያያችሁት በላው!»

ጋሼ አንበሳ መነጽራቸውን አደረጉና ደንቡን አገላበጡ። «ኳሱ… ከጥቅም ውጭ ሆኗል» አሉ ራሳቸውን እያከኩ። «በምን ይሁን በምን የሚል የለም። የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ምን ላድርግ። ጨዋታው አቻ!»

እመት አህዪት በንዴት መሬቱን በኮቴዋ ደበደበችው። «አንተ ሆዳም! ያ ኳስ ጎል ነበር እኮ!»

«ይቅርታ እመት አህዪት» አለ ጅቡ ከንፈሩን እየላሰ። «ጨው ጨው አለኝ።»

ቀበሮ ግን አልተናደደም። ዓይኑ በርቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ቀበሮ ልምምድ የሚባለውን ነገር ጭራሽ ተወው። ጎል መምታት የለ፣ መሮጥ የለ። ማታ ማታ ለጅቡ እራት መከልከል፣ ጠዋት ቁርስ መከልከል፣ ከዚያ ምልክት ማስጠናት። ምልክቱ አንድ ነው፤ ቀበሮ ግራ ጆሮውን ካከከ ጅቡ ኳሱን ይበላል።

«እስቲ ንገረኝ፣ ሳክ ምን ታደርጋለህ?»

«እበላለሁ።»

«ካላከክሁስ?»

አያ ጅቦ ረጅም ጊዜ አሰበ። «እርቦኝ እቆማለሁ» አለ።

«ጎበዝ!»

ተጋጣሚ መምራት ሲጀምር፣ ጆሮ ይታከካል፤ ኳስ ይበላል፤ አቻ። ኳሱ ወደ እመት አህዪት ጎል ሲያዘነብል፣ ይታከካል፤ ይበላል፤ አቻ። አንዴማ ቀበሮን እውነተኛ ቁንጫ ነክሶት ጆሮውን ሲያክ፣ ጨዋታው በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ ኳሱ ተበላ! እሱም አቻ ተባለ። ሰባት ጨዋታ አለቀና ውጤቱ ሲታይ ሁለት ድል፣ አምስት አቻ፣ ሽንፈት ዜሮ። የዋርካ ሥር ሰፈር አበደ። በዋርካው ግንድ ላይ በከሰል ተጻፈ፦ «ያልተሸነፈ!» የሚያልፍ ሁሉ ይጨፍራል።

ሂሳቡን የሠራችው እመት አህዪት ብቻ ናት። ጄሪካኖቿን እንደተሸከመች ቀበሮ ዘንድ ሄደች።

«አሰልጣኝ፣ ነጥባችን ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ነጥብ ምን ያደርጋል? አልተሸነፍንም!»

«አሥራ አንድ ነው። የዝንጀሮዎቹ የገደል አፍ ኮሌጅ ሁለቴ ተሸንፏል፤ ነጥቡ ግን አሥራ ሦስት ነው። ለምን? አራቴ አሸንፏላ!»

«ሁለቴ መሸነፍ!» ቀበሮ ፊቱን አኮሳተረ። «ምን ዓይነት ውርደት ነው!»

«ስማኝ እንጂ አንተ ሰውዬ! የመጨረሻው ጨዋታ ከእነሱ ጋር ነው። ካሸነፍን አሥራ አራት እንሆናለን፣ መስኩ የእኛ ነው። አቻ ከወጣን የእነሱ ነው። እኔ ደግሞ እንደገና አንድ ዓመት ዳገት ለዳገት! ጀርባዬን እየው እስቲ!»

ቀበሮ ጀርባዋን አየና ቶሎ ዞር አለ። «እሺ፣ እሺ። የመጨረሻውን ጨዋታ እናሸንፋለን።»

«እንግዲያው ለአያ ጅቦ እራት ስጠው።»

«እሰጠዋለሁ አልኩ አይደል እንዴ!»

አልሰጠውም። «ለምናልባቱ» አለ በልቡ። «ድንገት ቢመሩንስ?»

የጨዋታው ቀን እመት አህዪት በአፏ አንድ ነገር አንጠልጥላ ሜዳ መጣች። የጨርቅ ኳስ ነበር። አሮጌ ካልሲ፣ የተቀዳደደ ጆንያ፣ ከላይ በሲባጎ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራው አድራለች።

«ጋሼ፣ በዚህ እንጫወት» አለች።

ጋሼ አንበሳ ኳሱን አገላብጠው አዩት። «ጥሩ ኳስ ነው። ሁለቱም አሰልጣኞች ከተስማሙ እኔ ግድ የለኝም።»

የዝንጀሮዎቹ አለቃ ሳቀ። «እኛ ያደግነው በጨርቅ ኳስ ነው። ይሁን!»

ቀበሮ ግን ደረቱን ነፋ። «በጨርቅ? ያልተሸነፈ ቡድን በሰፈር ጨርቅ ሊጫወት? ሕዝቡ ምን ይለናል? የቆዳ ኳስ ይምጣ!»

«አሰልጣኝ» አለች እመት አህዪት በልመና። «በልቷል ወይ? እውነቱን ንገረኝ።»

«ጠግቦ ነው ያደረው» አለ ቀበሮ። ከኋላው የአያ ጅቦ ሆድ ጉርርር አለ።

ጋሼ አንበሳ ፊሽካቸውን ነፉ። ብዙም ሳይቆይ ዝንጀሮዎቹ አንድ አገቡ። የቀበሮ እጅ ወዲያው ወደ ግራ ጆሮው ተነሳ።

«እጅህን አውርድ!» ጮኸች እመት አህዪት ከጎሉ። «አቻ አይጠቅመንም! አውርድ ነው የምልህ!»

ሜዳው ሁሉ ዞሮ ቀበሮን አየው። ቀበሮ አፈረና እጁን አወረደ። ከዚያ እንደ ተአምር ጨዋታው እውነተኛ ጨዋታ ሆነ። ድኩላ በክንፍ በኩል ሦስት ዝንጀሮ አልፎ መታ፤ ጎል! አንድ ለአንድ። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ መጫወት ይችሉ ነበር እኮ! ዓመቱን ሙሉ!

ጋሼ አንበሳ ጥላቸውን አዩ፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ዝንጀሮዎቹ አቻ ቢበቃቸውም ለማሸነፍ በረኛቸውን ሳይቀር ይዘው ወደ ፊት ነቀሉ። አለቃቸው ከቅርብ በኃይል መታ። እመት አህዪት እግሯ አልደረሰም፤ ዞረችና በጀርባዋ ተቀበለችው። በዚያው በተላጠው ጀርባ። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ኳሱ ግን ኋላ እግሯ ሥር ወደቀ። በሁለት የኋላ እግሯ ስትለጋው ሜዳውን አቋርጦ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና አያ ጅቦ ፊት አረፈ።

ፊት ለፊቱ ባዶ ጎል። በረኛ የለ፣ ተከላካይ የለ።

«ምታው!» አለች እመት አህዪት።

«ምታው!» አለ ድኩላ።

«ምታው እንጂ!» ብሎ ቀበሮ ራሱ ጮኸ፤ ጆሮውን እንዳያክ ሁለት እጁን ብብቱ ሥር ቀብሮ።

አያ ጅቦ ኳሱን አየ። ኳሱ በእመት አህዪት ላብ ርሷል፤ ቆዳው ሞቋል፤ ይሸታል። ሁለት ቀን አልበላም። «አንዴ ልላሰውና እመታዋለሁ» ብሎ ጎንበስ አለ።

ቋ! ቋ! ቋ!

ጋሼ አንበሳ መነጽራቸውን እንኳ አላደረጉም። ፊሽካቸውን ነፉ። «ኳሱ አልቋል። አቻ። የምንጩ መስክ የገደል አፍ ኮሌጅ ነው።»

«ምን አደረግህ?» ቀበሮ አያ ጅቦን አንገቱን ይዞ ናጠው። «ምን አደረግህ አንተ ደንቆሮ?»

አያ ጅቦ ግራ ገባው። «አሰልጣኝ፣ ኳስ ሲደርሰኝ ሌላ ያስተማርከኝ ነገር አለ እንዴ?»

ቀበሮ የጅቡን አንገት ለቀቀ። ድንጋይ ላይ ወጣና፣ «ስምንት ጨዋታ! ዜሮ ሽንፈት!» ብሎ ጮኸ። ደጋፊው ይናደዳል ስትሉ ጨፈረ! እያጨበጨበ፣ እየተሳሳመ ወደ ዋርካው ተመለሰ፤ በከሰል የተጻፈውንም አደመቀው።

ጭፈራው ያስጠማል። ከሁሉ በፊት አያ ጅቦ መጣ፤ የዋጠው ቆዳ ጨው ነበረው። «እመት አህዪት፣ እስቲ ውሃ!»

እመት አህዪት የለችም። አራቱ ቢጫ ጄሪካኖች ዋርካው ሥር ባዶአቸውን ተደርድረዋል። አጠገባቸው የጨርቁ ኳስ ተቀምጧል።

እመት አህዪት ያን ሰዓት ምንጩ ዳር ነበረች። ጠጥታ ጠጥታ ቀና ስትል የዝንጀሮዎቹ አለቃ አጠገቧ ቆሟል።

«ያን ኳስ በጀርባሽ ስታወጪ አየሁ» አላት። «በረኛ እንፈልጋለን። ነይ እኛ ጋ ተማሪ።»

«ውሃ የሚቀዳው ማነው?» አለች እየተጠራጠረች።

«ምንጩ እዚህ አይደል? የጠማው ጎንበስ ይላል።»

«ሁለቴ ተሸንፋችኋል አሉ።»

«ሁለቴ! አንዱማ አምስት ለዜሮ ነው፤ እባክሽ አታስታውሺኝ» አለና ጭንቅላቱን ያዘ።

እመት አህዪት ሳቀች። በዚያ ዓመት ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

በማግስቱ ንጋት ላይ ሁለት ፍጡሮች የመጀመሪያውን ዳገት ይወጡ ነበር። ፊት ለፊት ቀበሮ፣ ሁለት ጄሪካን እያንጠለጠለ፣ ምላሱ ተጎልጉሎ። ከኋላው አያ ጅቦ፣ ሁለት ጄሪካን።

«አሰልጣኝ» አለ ጅቡ እያለከለከ።

«ምንድነው?»

«ግን አልተሸነፍንም፣ አይደል?»

«ዝም ብለህ ተሸከም!»

ከዚህ የምንማረው፣ ላለመሸነፍ ብቻ ብሎ የሚጫወት፣ ማሸነፍ የሚችልበት ቀን ሲመጣ ያንኑ ቀን በገዛ አፉ እንደሚውጠው ነው።