በአሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ የቀረው ትርጓሜ

አንድ ሰው ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ትንሽ የጽሕፈት ሱቅ አለው። ማመልከቻ ይጽፋል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ የሠርግ ጥሪ ያትማል። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው። ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ይሰካለታል፣ ኮምፒውተሩ ግን አልከፍትም ይላል። ደንበኛውም ፍላሹን ተቀብሎ ጎረቤት ሱቅ ይገባል።

ባለቤቱ ወይንሸት፣ "አዲሱን ሲስተም አስጭነው እንጂ፤ ሰው ሁሉ ጥሎን ሄደ እኮ" ትለዋለች። እሱ ግን እምቢ አለ።

ለምን እምቢ አለ? ሰነፍ ነው? አይደለም። አባቱ መርጌታ ነበሩ። ከመምህራቸው በቃል የተቀበሉትን፣ የትም ያልተጻፈውን የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ፣ በስተርጅና እየነገሩት በዚያ ኮምፒውተር ላይ ጽፎታል። የጻፈበት የአማርኛ መጻፊያ የድሮ ስለሆነ አዲሱ ሲስተም ላይ አይሠራም። ስለዚህ "የአባቴ አደራ ነው" ይልና ማንንም አያስነካም። ሱቁን ሲዘጋ ኮምፒውተሩን ዳንቴል ያለብሰዋል። ክፉ ሰው አይደለም፤ እኔ እንዲያውም እወደዋለሁ።

ሴት ልጁ ሰናይት ሰንበት ትምህርት ቤት ታስተምራለች። አንድ ቀን ጠየቀችው።

"አባዬ፣ አያቴ ይህን ክፍል እንዴት ነበር የሚተረጉሙት?"

"እዚያ ውስጥ አለ።"

"እኮ፣ ክፈትልኝና ልየው።"

"ተይው ልጄ፣ ይበላሻል።"

ልጅቱም ተወችው። ሌላ ሰው ጠይቃ አስተማረች።

በኋላ ወይንሸት ራሷ ዳግማዊ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ጠርታ አመጣች። ልጁ ጨዋ ነው፤ ሳይጠይቅ ምንም አልነካም።

"ጋሼ፣ የትኛው ፋይል ነው እንዳይጠፋ የሚፈልጉት?"

ሰውየው ተቀመጠና ፈለገ። አንዱን ከፈተ፣ የዕድር ማስታወቂያ ነው። ሌላውን ከፈተ፣ የሠርግ ጥሪ ነው። የት እንዳስቀመጠው ጠፋበት።

"ለመጨረሻ ጊዜ የከፈቱት መቼ ነው?"

"አባቴ ካረፉ ወዲህ አልከፈትኩትም" አለ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ይህ ሰው ያን ሁሉ ዘመን ሲጠብቅ የኖረው ምኑን ነው?

ደግነቱ ፋይሉ ተገኘ። ዳግማዊ፣ "አሁኑኑ እናትመው፤ ቢያንስ ቅጂውን ፍላሽ ላይ ልያዝልዎት" አለው። ምን ቢመልስለት ጥሩ ነው? "ያልታረመ ነው። የአባቴ ቃል ሳይታረም ከዚህ አይወጣም።" የሰው ሁሉ ሠርግ ሲያትም የኖረ ሰው እኮ ነው! የአባቱን ቃል ግን ሊቃውንት አይተው እስኪያርሙት ብሎ አንዲት ገጽ አላተመም። ለሊቃውንቱም አላሳየም።

ብዙ ከተለመነ በኋላ በአንድ ነገር ተስማማ። እሱ ከአሮጌው ኮምፒውተር ላይ እያነበበና እያረመ፣ ሰናይት በሌላ ኮምፒውተር ላይ ልትጽፈው። ሲያልቅ አዲሱ ሲስተም ይጫናል።

ጀመሩ። ያነባል፣ ትጽፋለች። መሐል ላይ "ይህ ምን ማለት ነው አባዬ?" ትለዋለች። አንዳንዱን ይነግራታል፤ አንዳንዱን አያውቀውም። አባቱ በሕይወት ሳሉ ምነው በጠየቅኋቸው ይላል። አንድ ቦታ ሲደርስ ደግሞ አባቱ ቀልደው ኖሯል፤ ሁለቱም ሳቁ። ያን ቀልድ በገዛ እጁ ሲጽፈው አልሰማውም ነበር።

ግማሽ እንኳ ሳይደርሱ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ግን አልተመለሰም። ዳግማዊ ፈታታው፣ የሚያውቀው ሁሉ ዘንድ ይዞት ዞረ። የሚሆን ነገር አልተገኘም።

ሰውየው ይህን ሲነግረኝ፣ "አባ፣ በአባቴ ቀብር ላይ እንዲህ አላለቀስኩም" አለኝ። እውነቱን ነው።

ዛሬ አዲስ ሲስተም አለው። ደንበኞቹም ተመልሰዋል። ሰናይት ከአያቷ ትርጓሜ የተጻፈውን ታስተምራለች። የቀረውን የሚያውቅ ሰው የለም።

እናንተስ ወገኖቼ? "የአባቶቻችን ነው፣ አትንኩብን" ስትሉ እሰማለሁ። መልካም፤ አይነካ። ግን የቱ ነው እሱ? ለመጨረሻ ጊዜ የከፈታችሁት መቼ ነው? ልጃችሁ "ይህ ምን ማለት ነው?" ስትላችሁ ምን ትሏታላችሁ? "እዚያ ውስጥ አለ" ነው የምትሏት?

ሲመቸኝ አነባለሁ፣ ሲስተካከል አስተምራለሁ፣ ንስሐ ስገባ እጸልያለሁ የምትሉ አላችሁ። ከነስህተታችሁ ጀምሩ። እናቱ በሕይወት ያለችለት፣ ዛሬ ከዚህ ሲወጣ ይሂድና ስታሳድገው ምን እያለች ትጸልይለት እንደነበር ይጠይቃት። ቃሉ ቢሳሳትባት አታርሟት፤ ዝም ብላችሁ ተቀበሏት፤ ቤት ስትገቡም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ለሰናይት የተረፈላት አባቷ ያነበበላት ብቻ ነው። ለእናንተም ልጆች የሚተርፋቸው ይኸው ነው።