ምንጩን የጠበቀው ዝሆን

ልጄ ተካልኝ ዜና እየሰማ፣ «እማዬ፣ ያ ኃያል አገር ወታደሩን እዚያ ድረስ የሚልከው ለሰዎቹ አዝኖ ነው?» አለኝ።

«ልብን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። ተረቴን ላምጣልህ?»

«አምጪው!»

ዝሆን «ከጅብ ልጠብቃችሁ» ብሎ ሳይጠሩት መጣና የትንንሾቹ እንስሳት ምንጭ ውስጥ ተኛ። ጅቡ ሸሸ፤ ውኃው ግን ደፈረሰ፣ ጎደለም። ግልገሎች ተጠሙ።

ሚዳቋ «አዝኖልን እኮ ነው» አለች።

ጥንቸል «ኧረ ጠምቶት ነው!» አለች።

ሊጣሉ ሲሉ ኤሊ ወደ ዝሆኑ ጠጋ አለች።

«ጌታዬ፣ ጅቡ አሁን ማዶ፣ ደረቁ ጉድጓድ ጋ ያሉትን እንስሳት እያስጨነቀ ነው። ይድረሱላቸው!»

ዝሆን ጆሮውን አራገበ። «ውይ፣ እኔ በሰው ጉዳይ ጣልቃ አልገባም» አለና ጎንበስ ብሎ ጠጣ።

ተረቱን ለተካልኝ በነገርኩት ማግስት ጠዋት ጎረቤቶቼ ሲጨቃጨቁ ሰምቼ ላስታርቅ ሄድኩ። «ይግቡ» እስኪሉኝ ድረስ ግን ከደጃፉ አላለፍኩም።