ካብ አፍራሹ ቢሻው

፦ ተረት ተረት!
፦ የላም በረት!
፦ ኤዲያ! ይሄ ነው ድምፅ? ራት የበላ ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚመልስ? በሉ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ጉድ ነው የማወራችሁ።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ዳገታማ አገር፣ ቢሻው የሚባል ገበሬ ነበረ። የአገሩ ንጉሥ ጎርፍ አፈሩን ሲወስደው አይቶ አዘነና፣ «በተዳፋት ማሳው ላይ አዲስ ካብ የካበ ገበሬ ከጎተራዬ እህል ይሰፈርለት!» ብሎ አዋጅ አስነገረ። አገሬውም እልል ብሎ ድንጋይ ተሸከመ። ቢሻውም ካበ። ግንቦት ላይ ጭቃ ሹሙ መጣና፣ ካቡን አይቶ እህሉን ሰፈረለት።

ከዚያም ቢሻው የቆመውን ካብ ባየ ቁጥር ይከነክነው ጀመር። «የቆመ ካብ ምን ያበላኛል?» አለና፣ ክረምቱ እንዳለፈ ናደው! ግንቦት ሳይገባ መልሶ ካበውና፣ አዲስ ነው ብሎ እህሉን ተቀበለ። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። ኧረ የሰው ነገር! ሚስቱ ስንዱ፦
፦ ተው አንተ ሰው፣ የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል! ስትለው፣
፦ ዝም በይ፣ በበጋ ዝናብ የታለ? ይላት ነበር።

ከማሳቸው በታች የምታርስ ባሏ የሞተባት ጎረቤት ነበረቻቸው፤ እትዬ ብርቄ ትባላለች። እሷ አንዴ የካበችውን እየጠጋገነች ታኖራለች እንጂ አታፈርስም። እህሉንም ያገኘችው አንዴ ብቻ ነው። ቢሻውም ባለፈ ባገደመ ቁጥር፦
፦ እትዬ ብርቄ፣ አንቱማ ሲሳይዎን በእግርዎ ይገፋሉ! እያለ ይስቅባት ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት ካቡን ናደና፣ «ገና ነው፣ ገና ነው» ሲል ሚያዝያ ገባ። ድንጋዩ እንደተበተነ ሠርግ ተጠራና ሄደ። ዳስ ውስጥ ጠላውን ይዞ ሲጫወት፣ ሰማዩ ጠቆረና ያልታሰበ ዶፍ ወረደ። ሠርገኛው፦
፦ እሰይ! ሙሽራዋ እግረ እርጥብ ናት! ብሎ እልል አለ።
ቢሻው ግን ክው አለ። ዋንጫው ከእጁ ወደቀ።

ከዚያም በዝናብ ሮጠ። ቢደርስ፣ እግዚኦ! ማሳው የለም! አለቱ ብቻ አግጥጦ ቀርቷል። ስንዱ እጇን በራሷ ላይ ጭና ቆማለች። ያ አባቱ ያረሱት፣ አያቱ ያረሱት ጥቁር አፈር ቁልቁል ሄዶ፣ የእትዬ ብርቄ ካብ አግቶት ማሳዋ ላይ ተኝቷል። ቢሻው ዓይኑን ማመን አቃተው። እየሮጠ ወረደና፦
፦ እትዬ ብርቄ፣ ይሄ አፈር የኔ ነው! አለ።
እሷም፦
፦ ያንተማ ከሆነ ጥራው፣ ይከተልህ! አለችው።
አፈር ተጠርቶ ይመጣል እንዴ? እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እሷም አንጀቷ አልችል አለና፦
፦ በል ተነሥ። በሬዎችህን ይዘህ ና፤ የእኩል ታርሰዋለህ፣ ምርቱን እንካፈላለን አለችው።

ግንቦት ላይ ጭቃ ሹሙ እህሉን አስጭኖ ሲመጣ፣ ቢሻው በእትዬ ብርቄ ማሳ ላይ ሞፈር ጨብጧል።
፦ ምነው ቢሻው! ያንተስ ማሳ የታለ? አለው።
፦ ይኸው፣ እያረስኩት ነው አለና አንገቱን ደፋ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። የቢሻው አፈር እንደሆነ አይመለስም፤ ዳቦዬ ግን ይምጣ!