ገበጣው ይዙርልኝ ያለው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ መጣ መጣ ሲባል ሳይመጣ በቀረበት ዓመት፣ የዱር አራዊት ሁሉ በአንዲት ጠባብ ምንጭ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ውሃው ለሁሉም ይበቃል፤ ችግሩ ማን ቀድሞ ይጠጣ የሚለው ነበር። ቀድሞ የደረሰ ጥርት ያለውን ይጠጣል፣ የኋለኛው ጭቃውን ይልሳል። በዚህ ሰበብ ቀንድ ተሰበረ፣ ጆሮ ተነከሰ። በመጨረሻ አያ አንበሳ ሰለቸውና፣ «ከእንግዲህ ጠብ የለም። ገበጣ ተጫወቱ፤ ያሸነፈ ቀድሞ ይጠጣ» ብሎ ፈረደ።

ከምንጩ ዳር ደረቅ መሬት ላይ፣ ፊት ለፊት፣ ሁለት ረድፍ ጉድጓድ ቆፈሩ። ሕጉ ቀላል ነው። ተጫዋቹ ተራው ሲደርስ ከራሱ ጉድጓዶች የአንዱን ጠጠሮች በሙሉ ያነሣና በቀጣዮቹ ጉድጓዶች አንድ አንድ እየጣለ ይሄዳል። የመጨረሻዋ ጠጠር በገዛ ረድፉ ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች፣ ከፊት ለፊቷ ያለውን የባላጋራውን ጉድጓድ ጠጠር ሁሉ ይበላል። ብዙ የበላ አሸነፈ።

ታዲያ በዚህ ጨዋታ አህያን የሚችላት ጠፋ። አህያ ከመንደር አምልጣ የመጣች ናት። በመንደር ሳለች ጌታዋ በየገበያው ቀን፣ ጭነቱን እንኳ ሳያራግፍላት፣ ከሾላው ሥር ገበጣ ሲጫወት ይውል ነበር። እሷም ወገቧ እየተቆረጠ ከጎኑ ቆማ ታይ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ያየችው አሁን ጠቀማት። ጠጠሮቿን በከንፈሯ እያነሣች፣ ሳትቸኩል፣ አንድ በአንድ ትጥላለች። ነብሩን አሸነፈች፣ ከርከሮውን አሸነፈች፤ ጅቡንማ ስንቴ እንዳሸነፈችው ራሱም አያውቀውም።

አያ ጅቦን ቅናት ሊገድለው ደረሰ። አህያ ጠዋት ጠዋት ስትጠጣ ከሩቅ ተቀምጦ ጉሮሮዋን ያያል። ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የእሱ አንጀት ያርራል። እሱን ያንገበገበው ጭቃ መጠጣቱ አይደለም፤ እሷ ንጹሕ መጠጣቷ ነው። ታዲያ ለምን አልበላትም እንዳትሉ፤ በምንጩ ዙሪያ ጥርሱን ያወጣ እንደሆነ አንበሳው ራሱ ያንን ጥርስ ይሰብረዋል። ስለዚህ ወደ ቀበሮ ሄደ።

«ወንድሜ ቀበሮ፣ ይቺ አህያ ሁልጊዜ የምታሸንፈኝ እንዴት ነው?»

«ስለምታስብ ነዋ፣ አያ ጅቦ።»

«አህያ ታስባለች? ታሾፍብኛለህ?»

ቀበሮ ሳቁን ዋጠ። እሱም ቢሆን ጭቃ ውሃ መሮታል። «እንግዲያው ምክንያቱ የምትቀመጥበት ወገን ይሆናል» አለ። «በእሷ በኩል ያሉት ጉድጓዶች ሳይጠልቁ አይቀሩም።»

«እኔም እኮ የምለው ይኼንኑ ነው። ጠጠሩ ሁሉ ወደ እሷ የሚንከባለለው ለዚህ ነው።»

«እንግዲህ ወደ አንበሳ ሂድና ፍትሕ ጠይቅ። በጨዋታው መካከል፣ በፈለግኩ ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ገበጣው ይዙርልኝ፣ ጠጠሩ እንዳለ ሆኖ ቦታ እንለዋወጥ በል። ስታሸንፍ ታዲያ ከአንተ ቀጥሎ የምጠጣው እኔ ነኝ።»

«ተስማማን። እኔ ደግሞ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ» አለ ጅቡ። «ካሸነፍኳት ከዚህ ምንጭ ጨርሳ ትሂድልኝ። ስትጠጣ ማየት አልፈልግም።»

አንበሳ ክሱን ሰምቶ ጢሙን ላሰ። «እሷ ስትሸነፍ የምትሄድ ከሆነ፣ አንተስ ብትሸነፍ?» አለው።

«ዝናብ እስኪመጣ የመጨረሻው ጠጪ ልሁን» አለ ጅቡ። መሸነፍ የሚባል ነገር አልታየውም።

አንበሳ አህያን ጠርቶ፣ «ምን ትያለሽ?» አላት።

ምን ትበል? ሌላ ውሃ ያለው በመንደር ብቻ ነው። በመንደር ደግሞ ያው ጭነትና ያው ዱላ ይጠብቃታል። እምቢ ብትል ግን፣ እውነትም የምታሸንፈው በቦታዋ ነው መባሉ አይቀርም። «ይዙርለት፣ ጌታዬ» አለች ቀስ ብላ። «ጉድጓዱ አንድ ዓይነት መሆኑን ይይልኝ። ብቻ ማዞሩ እንደ አንድ ተራ ይቆጠርበት።»

«ፍትሕ ነው» አለ አንበሳ። «አንድ ጊዜ ይዞርለታል፤ ሲዞርለት ተራው ያልፋል። ከተመልካች ወገን ትንፍሽ ያለ ግን ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።» ይህን ሲል ቀበሮን አየው።

በማግስቱ አራዊቱ ሁሉ ገበጣውን ከበው ተቀመጡ። አህያ እንደ ወትሮዋ አልሆነችም። ጠጠር ባነሣች ቁጥር የሚታያት ጭነቱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮለች፤ ሳታስበውም ከጉድጓዶቿ አንዱ ሞልቶ ተቆለለ። ከክምሩ ፊት ለፊት ያለው የጅቡ ጉድጓድ ባዶ ነው። ከባዶው በስተኋላ ባለው ጉድጓድ ደግሞ አንዲት ጠጠር ብቻ ተቀምጣለች። ተራው የጅቡ ነው። ያችን ጠጠር አንሥቶ ወደ ባዶው ቢጥላት ክምሩ ይበላል፣ ጨዋታውም ያልቃል።

አህያ ይህን ያየችው ጠጠሮቿን ጥላ ከጨረሰች በኋላ ነበር። የጭነቱ ገመድ ገና ከአሁኑ ሆዷ ላይ ሲጠብቅባት ተሰማት። ቀበሮም አይቶታል። መናገር ስለማይችል እህ እህ ብሎ ሳለ፤ ደግሞ ሳለ፤ በጅራቱ መሬቱን ጠረገ። ከርከሮው እንኳ አይቶታል።

ያላየው ጅቡ ብቻ ነው። እሱ የራሱን ወገን መቼ አይቶ ያውቃል? ዓይኑ ከአህያዋ ክምር ላይ ተተክሏል። የእኔ ጉድጓድ ባዶ፣ የእሷ እስከ አፉ የሞላ፤ ለእኔ አንዲት ጠጠር፣ ለእሷ ክምር! ለሃጩ ተዝረበረበ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይሉ የለ።

«ይዙርልኝ» አለ።

«አስበህበታል?» አለው አንበሳ።

«ምን ማሰብ ያስፈልገዋል፣ ጌታዬ? ስንት እንዳላት አላዩም?»

ቀበሮ ፊቱን በጅራቱ ሸፈነ።

ተነሥተው ቦታ ተለዋወጡ። ጅቡ ክምሩን በሁለት እግሩ አቅፎ ተቀመጠ። አህያ ያችን ብቸኛ ጠጠር በከንፈሯ አነሣችና ከባዶው ጉድጓድ ጣለቻት። ከዚያ አንገቷን ዘርግታ፣ «ይቅርታ አያ ጅቦ፣ እግርዎን ያንሡልኝ» አለች፤ ክምሩንም በላች።

ጅቡ ብድግ ብሎ ጉድጓዱን ይረግጥ ጀመር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። «ዕድል ነው። አሁን ደግሞ ያኛው ወገን ጠለቀ» አለ።

«ያኛው ወገን እስከ አሁን የማን ነበር?» አለው አንበሳ። «ያቺስ ጠጠር የማን ነበረች?»

ጅቡ ዞሮ የቀድሞ ወገኑን ተመለከተ። ያን ጊዜ ገና ጠጠሯን አያት።

እንደ ቃሉ ዝናብ እስኪመጣ የመጨረሻው ጠጪ ሆነ። አንድ ጠዋት አህያ አሳዘናትና ፈቀቅ ብላ፣ «ይምጡ አያ ጅቦ፣ ዛሬ አብረን እንጠጣ» አለችው። መጣ። ጥርት ካለው ውሃ አንዴ ተጎነጨ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ጉሮሮዋን አየ።

«በአንቺ በኩል ያለው ሳይጣፍጥ አይቀርም» አላት። «እስኪ ይዙርልኝ።»

ከዚህ የምንማረው ዓይኑን ከሌላው ክምር ላይ የማይነቅል ቀናተኛ፣ ድሉ በገዛ ጉድጓዱ ተቀምጣ ሳለች በገዛ አፉ ለባላጋራው እንደሚያስረክባት ነው።