ጭቃ ሹሙና በር የሌለው ቤት

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የሚያዛጋ ካለ ወደ ኋላ ይቀመጥ።

በድሮ ዘመን፣ ሹም ሲመጣ ሆዱ ቀድሞት በሚደርስበት ዘመን፣ አጥላባቸው የሚባል ጭቃ ሹም ነበር። አፉ ማር፣ እጁ ሙጫ። የነካው ነገር አይላቀቀውም። በዚያው መንደር ውዲቱ የምትባል ኮረዳ ነበረች። እሷ ደግሞ ስትናገር ታስቃለች፣ ዝም ስትል ታስፈራለች።

ክረምቱ ሲቃረብ እትዬ ሙጩ የሚባሉ መበለት ከነልጆቻቸው ዋርካ ሥር ይኖሩ ነበር። ትንሹ ልጃቸው ያስላል። ሸማኔው አባ ጓንጉልም፣ ወላጅ የሌላቸው መንትዮችም ቤት አልነበራቸውም።

ጭቃ ሹሙ ወጣቶቹን ሰበሰበ።

«ልጆቼ፣ ለድሃ ሦስት ቤት እንሥራ። ዋጋችሁን ከሰማይ ታገኛላችሁ» አለ።

ወጣቶቹ ደስ አላቸው። እንጨት ቆረጡ፣ ማገር አሰሩ፣ ጭቃ ረገጡ። አንዱ ቤት አለቀ።

«እትዬ ሙጩ ይግቡ!» አሉ።

«ቆይ!» አለ ጭቃ ሹሙ። «ከበቅሎዬ የባሰ ድሃ አለ? እግሯ ጫማ አያውቅ፣ ራሷ ሻሽ አያውቅ።» በቅሎዋን አስገባ።

ደግመው እንጨት ቆረጡ፣ ማገር አሰሩ፣ ጭቃ ረገጡ። ሁለተኛው አለቀ።

«አባ ጓንጉል ይግቡ!»

«ቆይ! ገብሴ ሜዳ ላይ ነው። ቤት የሌለው ገብስ ድሃ አይደለም?» ገብሱን አስገባ።

ያን ቀን ዝናቡ ጣለ። የትንሹ ልጅ ሳል ባሰ። ጎረምሶቹ ተናደው መጥረቢያቸውን ወረወሩ።

«ከእንግዲህ አንሠራም!»

«እንሠራለን እንጂ» አለች ውዲቱ። «እንዲያውም አገር አይቶት የማያውቅ ቤት።»

ሦስተኛውን ጀመሩ። ምሰሶ ተክለው ጣሪያውን እንደ ከደኑ ጭቃ ሹሙ ጠላውን ግጥም አድርጎ መጣ።

«ስለ ድሃ ሳስብ ደከመኝ» ብሎ ጣሪያው ሥር ተዘረረ። ወዲያው አንኮራፋ።

ውዲቱ ጓደኞቿን ጠቀሰቻቸው። በዙሪያው ግንድ አጠጋግተው አቆሙ፣ ማገር አሰሩ፣ ጭቃ መረጉ። በር የሚባል ነገር አልተዉም።

ሰውዬው ቢነቃ ጨለማ። ቢዳብስ ጭቃ።

«ኧረ በሩ የት አለ?»

«በር የሚወጣው ባለቤቱ ሲታወቅ ነው» አለች ውዲቱ ከውጭ። «ቤቱ የማነው?»

«የእኔ ነዋ!»

«እንግዲያው ይኑሩበት።»

ቆይታ ጠየቀች። «ቤቱ የማነው?»

«የእኔም... የድሃም!»

«ድሃው እስኪመጣ ይጠብቁልን።»

የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። እራት ደረሰ። የጎረቤት ወጥ ሽታ በክዳኑ ሥር ሾልኮ ገባ። ያኔ የጭቃ ሹሙ ሆድ ጮኸ።

«ቤቱ የማነው?»

«የመንትዮቹ! በቅሎዬም ትውጣ፣ ገብሴም ይውጣ! ሦስቱም የድሃ ነው፤ ብቻ አውጡኝ!»

«ሰማችሁ?» አለች ውዲቱ።

«ሰምተናል!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ግድግዳውን ቀደዱለት። ከራሱ እስከ ጥፍሩ ጭቃ ለብሶ በአራት እግሩ ወጣ። አባ ጓንጉል አዩትና፣ «ጭቃ ሹም ሲሉት ማዕረግ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

በዚያው ምሽት በቅሎዋና ገብሱ ወጥተው፣ ለተቀደደውም ግድግዳ በር ተገጥሞለት፣ ድሆቹ ሁሉም የየቤታቸውን በር ዘጉ። እትዬ ሙጩ ቤት የበቅሎዋ ሽታ እስከ መስቀል አልለቀቀም፤ ልጃቸው ግን ማሳሉን ተወ።

እናም ልጆች፣ ለድሃ ቤት የምታሠሩበት ቀን ከመጣ መጀመሪያ ድሃውን አስገቡ። ይሄ ካቃታችሁ፣ ቢያንስ ሥራ ቦታው ላይ አትተኙ።