አየሩ የማን ነው?

አንዲት ምላሰኛ ልብስ አጣቢ ነበረች። የምትኖርበት መንደር ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ቤቱም ሁሉ የሚጋራው አንድ መስመር ነው። ጎረቤቷ ክቡርነታቸው ግን ወረፋ መጠበቅ የሌላ ሰው ሥራ ይመስላቸዋልና ትልቅ ፓምፕ አስመጥተው በቀጥታ ከመስመሩ ላይ አስገጠሙ። ከዚያ ወዲህ ፓምፑ ሲጮህ የመንደሩ ቧንቧ ሁሉ ጭጭ ይላል። ሴትዮዋም ልብሱን ዘፍዝፋ፣ ቧንቧዋን ከፍታ፣ ከሥሩ ባልዲ ደቅና ትጠብቃለች።

አንድ ቀን ፈረቃው ሊያበቃ ሲል ክቡርነታቸው ሻወር ገቡ። ራሳቸውን በሳሙና አሽተው ሲጨርሱ ውሃው ቀጠነ፤ ከዚያም ሻወሩ ትፍ ትፍ እያለ አየር ይተፋባቸው ጀመር። ፎጣ አገልድመው፣ አረፋው ከራሳቸው ሳይወርድ በር ላይ ወጡና ጎረቤቱን ጠሩ።

«ከእናንተ አንዱ ቧንቧዬ ውስጥ አየር ለቆብኛል! ማን እንደሆነ አሁኑኑ ካልነገራችሁኝ የመንደሩን መስመር አስቆርጣለሁ!»

ሰዉ አንገቱን ደፋ። አጣቢዋ መስመሩ ከተቆረጠ እንጀራዋም አብሮ እንደሚቆረጥ ታውቃለች፤ ባዶ ባልዲዋን እንዳንጠለጠለች ወደ ፊት ወጣች።

«አየሩ የገባው በእኔ ቧንቧ ነው፣ ክቡርነትዎ» አለች እጅ ነስታ።

«ይኸው አመነች!» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው።

«ውሃ ይመጣል ብዬ ከፍቼው ነበር። ፓምፕዎ ውሃችንን ስቦ ስቦ ቢጨርስ ጊዜ አየሩን መሳብ ጀመረ። እባክዎ ይንቀሉልን፤ ያለ ውሃ መኖሩንስ ለምደነዋል፣ አየሩን ግን እንተነፍሰዋለን።»